የብርጭቆ ሥር ስኳር

ይድረስ ከሰው ሁሉ ለምትበልጭብኝ ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ቁርጥማቱ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ስትነሺ ግድግዳ ያስይዝሻል? ፋሲካን እንዴት ዋልሽ፣ ማን አረደልሽ፣ ላሚቱስ ወለደች ወይ? ሁሉንም አንድ ባንድ አስጽፊልኝ። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፣ እሠራለሁ፣ ራሴን እንኳ አያመኝም፣ ተመስገን። የሰው ሥራ ግን አንገፍግፎኛል።

ሰገነት እህቴ፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና መጀመሪያ በሩን ዝጊው። ቀስ ብለሽ አንብቢላት፣ መሀል ላይ ሰው ከገባ የሰላምታ ነው በይና እጠፊው፣ ካነበብሽ በኋላ እሳት ውስጥ ጨምሪው። በፖስታ ቤት ያልላክሁት ፈርቼ ነው፣ ሽንኩርት ሊሸጥ የመጣው ገብረ መስቀል ይዞት ይመጣል፣ እሱ ፊደል አይለይም፣ ቢለይም ካፉ አይወጣም። ጽሑፌ ቢጣመም አትሣቂብኝ፣ በመሠረተ ትምህርት የተማርሁት ይሄው ነው።

እማ፣ ነገሩ ስለ አንዲት ተማሪ ነው። ነገ ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ስለሷ ስብሰባ አለ፣ እዚያ እኔ በምናገረው ቃል ወይ ትምህርቷን ትቀጥላለች ወይ ትባረራለች፣ አባቷም ወይ ይታሠራል ወይ ይተርፋል፣ እኔም እንጀራዬ ይኖራል ወይ ይቀራል።

ጀሊላ ትባላለች፣ አራተኛ ክፍል ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ክንዷ እንደ ስንደዶ የቀጠነ። አባቷ ኑርሑሴን ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣል፣ እናቷ መሪየም ትባላለች። ልጅቱ የስኳር በሽታ አለባት። እኔ ይሄ በሽታ የሹምና የወፍራም ሰው ይመስለኝ ነበር፣ ልጅ ይይዛል ብዬ ሰምቼም አላውቅ። አባቷ ጠዋት ጠዋት ጭኗን በመርፌ ይወጋታል፣ መርፌውን መሪየም በድስት ትቀቅለዋለች፣ መድኃኒቱን ደግሞ እንዳይሞቅባቸው እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ይቀብሩታል።

እኔ ያወቅኋት በሽንት ቤት ቁልፍ ነው። ሥራዬን ታውቂያለሽ፣ ክፍል እጠርጋለሁ፣ ደወል እደውላለሁ፣ ለመምህራኑ ሻይ አፈላለሁ፣ የሽንት ቤቱም ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ይቺ ልጅ በትምህርት ሰዓት እየሮጠች ትመጣለች፣ እትዬ ቁልፍ፣ እትዬ በናትሽ ቶሎ በይ፣ ትለኛለች፣ እየዘለለች። መጀመሪያ ትምህርት የምትሸሽ መስሎኝ አላግጥባት ነበር፣ ምነው ሐይቁን ጠጥተሽው ነው እንዴ የመጣሽ እላት ነበር፣ እሷም ትሥቃለች፣ ግማሹን ነው፣ ግማሹን ለአሣዎቹ ትቼላቸዋለሁ ትለኛለች። ለወሬ የተፈጠረች ናት።

የክፍሏ ኃላፊ ጓድ ሣህሉ የሚባል መምህር ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማውን ደጅ ላይ በመሐረብ የሚጠርግ፣ እጁን ሳይታጠብ ጠመኔ የማይዝ፣ ንጹሕ ሰው እማ፣ እንደሱ ያለ ንጹሕ አይቼ አላውቅም። አሁን ንጹሕ ሰው ሳይ ይቀፈኛል። እና አንድ ቀን ከእንግዲህ በትምህርት ሰዓት መውጣት የለም አላት። እጇን አወጣች፣ አይሆንም አለ። ደግማ አወጣች፣ አብዮቱ ዲሲፕሊን ነው የሚፈልገው፣ ፊኛሽንም ዲሲፕሊን አስተምሪው አላት። ልጆቹ ሣቁ። ሦስተኛ ጊዜ አላወጣችም፣ እዚያው ሰማንያ ልጅ ፊት ቀሚሷ ላይ ለቀቀችው።

እንድጠርግ ተጠራሁ። ልጆቹ ሽንታም፣ ሽንታም፣ ጣና ሞልቶ ፈሰሰ እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ እሷ ግድግዳው ሥር ፊቷን አዙራ ቆማለች፣ እግሯ ይንጠባጠባል፣ ጓድ ሣህሉ በሩ ላይ በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ ደህና አድርገሽ ጥረጊው፣ እንዳይዛመት ይለኛል። ሽንት አይደለም ያስጠላኝ፣ ሽንትማ እንጀራዬ ነው። ያ መሐረብ ነው ያስጠላኝ፣ ጥግ ጥጉ አበባ የተጠለፈበት።

በማግሥቱ ጠዋት ክፍሉን ስከፍት ስሚንቶው ስንጥቅ ላይ፣ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ፣ ጉንዳን ተሰልፎ አገኘሁ። ከመስኮቱ ሥር ጀምሮ እስከዚያች ቦታ ድረስ ጥቁር ክር ሠርቷል። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቁሜ ቀረሁ። ደወል አሳለፍሁ፣ በዚያ ቀን ተቆጡኝ።

ያን ቀን መሪየም መጣች፣ የታጠበ ቀሚስ ይዛ። ቤንች ላይ አስቀመጥኋትና እንዴት ታመመች አልኋት። ነገረችኝ። በመጀመሪያ ውኃ ብቻ ነበር አለችኝ፣ ጆግ ሙሉ ጠጥታ እንደገና ውኃ ትላለች፣ ሌሊት አልጋ ታርሳለች፣ እኔም ወላሂ ስንፍና መስሎኝ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ውኃ እከለክላት ነበር፣ ማሰሮውን ቆጥ ላይ አወጣባት ነበር። ለሁለት ሰው የሚበቃ ትበላለች፣ እሷ ግን ትከሳለች፣ አንገቷ ቀጥኖ ቀጥኖ ራሷ ከበዳት። የሸናችበት ቦታ ጉንዳን ይወርረዋል። መጨረሻ ላይ ትንፋሿ የበሰበሰ ዘይቱን ዘይቱን ሸተተኝ፣ ተኝታም እንደ ሯጭ ታለከልካለች፣ ያኔ አባቷ ተሸክሟት ሆስፒታል ሮጠ፣ አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አሉን አለችኝ። እኔ ድገሚልኝ አልኋት። ደገመችልኝ። ጉንዳኑን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ትንፋሿንም፣ ማሰሮውንም። ምነው እህቴ፣ ለምን ትጠይቂያለሽ፣ ፊትሽ ገረጣ እኮ አለችኝ። ምንም አልሁ።

ከዚያ እጄን ይዛ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ አለችኝ። ሽንት ስትል ቁልፉን ስጫት። ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ቃሏ እንደ ሰካራም ከተሳከረ ደግሞ ስኳር አቅምሻት። እንዴ፣ ስኳር አይደለም እንዴ የሚገድላት አልኋት። ሣቀች፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ እኔም ሐኪሙን እንደዚያው ነበር ያልሁት አለች። መርፌው ስኳሩን ያወርደዋል፣ ምግብ ከዘገየባት ወይም ብዙ ከሮጠች ደግሞ ያለ ልክ ይወርድና ትወድቃለች፣ ያን ጊዜ መድኃኒቷ ራሱ ስኳር ነው፣ ግራ ከገባሽ ስጫት፣ በዚያች ሰዓት ስኳር ቢበዛ አይገድላትም፣ ቢጠፋ ነው የሚገድላት። ሁለቴ አስደገመችኝ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝሁት።

ስኳር እንደሆነ መቼም ታውቂያለሽ፣ በቀበሌ ሱቅ በካርድ ነው፣ ለቤተሰብ በወር የምትሰጥ እፍኝ ነገር። እነ መሪየም የራሳቸውን ድርሻ ሳይነኩ ለልጅቱ ያስቀምጡታል፣ እነሱ ቤት ሻይ የሚጠጣው በጨው ነው። ልጅቱ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ትይዝ ነበር፣ ጓድ ሣህሉ አገኘባትና ቀማት፣ ክፍል ውስጥ የሚበላ ነገር የለም ብሎ። ስለዚህ መሪየም በዱቄት ወተት ጣሳ ስኳር ሞልታ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ፣ ራሷ መጣች፣ ለሱ በእጁ ሰጠችው፣ እኔ እያየሁ። ስትወድቅ በማንኪያ ይስጡልኝ ጌታዬ አለችው። ወረቀቱን ገለባበጠው፣ በእንግሊዝኛ ነው። ጥሩ ነው እናቴ፣ አይዞሽ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣል አላት፣ እስከ በሩ ሸኛት። እሷም መረቀችው እማ። ልጆችህ ይደጉልህ ብላ መረቀችው።

በነጋታው በዕረፍት ሰዓት ጣሳውን ይዞ መምህራን ክፍል ገባ፣ አፍዪበት አለኝ። እኔም አፈላሁበት። ዲሬክተሩ ፉት አለና ምነው ዛሬ ሻይ ሻይ አለ፣ ከወዴት ተገኘ አለ። ጓድ ሣህሉ እግሩን አነባብሮ፣ ተወርሷል አለ። ሁሉም ፈነዱ። ትርፍ ቤት ብቻ ነው እንዴ የሚወረስ፣ ትርፍ ስኳርም አለ፣ ከነጋዴው ኑርሑሴን ወደ ሰፊው ሕዝብ ተላለፈ አለ። አንዱ ደግሞ እንግዲያስ ሰፊው ሕዝብ አንድ ማንኪያ ጨምሪለት ብሎ ብርጭቆውን ዘረጋ። መምህርት ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል አሮጊት አለች፣ ደግ ሴት ናት፣ ለድሃ ልጅ ደብተር የምትገዛ፣ እሷ እንኳ ለልጅቱ ጽድቅ ነው፣ የስኳር በሽተኛ ፊት ስኳር ማስቀመጥ እባብ ማስቀመጥ አይደል ወይ፣ መርዟ ተነሣላት አለች። ከልቧ ነው። እሷ ያን ስትል ሁሉም ሻዩን እየጠጡ ሕይወት የሚያተርፉ መሰላቸው።

እኔ መሪየም ያለችኝን በቃሌ ይዤ፣ ቁሜ፣ ቀዳሁላቸው። አንዲት ቃል አልተናገርሁም። ማን ነኝ እኔ፣ ጠራጊ ነኝ። እና የቀረውን ደግሞ ስሚኝ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ እነሱ ሲወጡ ለራሴም ቀዳሁ። ሁለት ማንኪያ አረግሁበት። ፋሲካን እንኳ በጣፋጭ ሻይ አልዋልሁም ነበር። ጣፈጠኝ። አሁን ያን ሳስበው ምላሴን አውጥቼ ባጥበው ደስ ይለኛል።

ስምንት ቀን ጣፋጭ ሻይ ተጠጣ። በስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ ነው፣ ጣሳው አለቀ።

ያ ሐሙስ ለሚያዝያ ሃያ ሦስት ሰልፍ ልምምድ ነበር። ከሻይ በኋላ ልጆቹን ሜዳ አወጧቸው፣ ፀሐዩ ያ የባሕር ዳር ፀሐይ ነው፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ የሚባል የለም። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ጓድ ሣህሉ ጥላ ሥር ቆሞ በፊሽካ ያስኬዳል። ጀሊላ ቀይ ጨርቅ ይዛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ደረጃው ላይ ሆኜ ሳያት ትሥቃለች። ብቻዋን ትሥቃለች። የፊተኛዋን ልጅ ተረከዝ ትረግጣለች፣ ሰልፉ ወደ ቀኝ ሲዞር እሷ ወደ ግራ፣ ልጆቹ ጠጥታ ነው ይላሉ፣ እሱ አንቺ ነጋዴ፣ ሰልፉን አትሸቅጪበት ይላል። ከዚያ ተቀመጠች። ማስመሰል ነው፣ ተዋት አለ። ከዚያ ተጋደመች።

ስደርስ ሰው ከቧታል። ኮሌታዋ ተጨምቆ የወጣ ነው የሚመስል፣ እጇን ስይዘው እንደ አሣ ይቀዘቅዛል፣ ከናፍሯ ይንቀጠቀጣል። ጅኒ ነው፣ ውኃ ርጩባት ይላሉ። ስኳር ስጧት፣ ስኳሯን አልሁ። እንዲያ ስል መምህርት ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዬን ጨምድዳ ያዘች፣ አንቺ ልጅ ምን ነካሽ፣ የስኳር በሽተኛ ናት እኮ፣ ልትገድያት ነው ወይ ብላ ጮኸች፣ እያለቀሰች ነው እምልሽ። ስኳር እንዳይነካት፣ ስኳር እንዳይነካት እያለ ሰዉ ሁሉ ጮኸ፣ ግማሹ በክፋት አይደለም፣ ለነፍሷ ብሎ ነው፣ እንዲያ ሆነው ሊገድሏት ነው። ዲሬክተሩ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ፣ ሂጂ ደወል ደውይና ልጆቹን አስገቢ አለኝ።

እኔ ደግሞ ተነሣሁ። ዲሬክተሩ ሂጂ ካለኝ እሄዳለሁ፣ እንዲያ ነው የለመድሁት፣ እግሬ ብቻውን ሄደ። ደወሉ ዘንድ ደረስሁ፣ ብረቱን አነሣሁ፣ እና ጣልሁት፣ ወደ መምህራን ክፍል ሮጥሁ። ጣሳውን ገለበጥሁ፣ መታሁት፣ ምንም የለም፣ ተልሶ የተጠረገ ነው የሚመስል። መሳቢያውን ከፈትሁ፣ መሐረብና ጠመኔ። ዞር ስል ትሪው ላይ አሥራ አንድ ብርጭቆ አለ። ጠዋት ቧንቧ ስለጠፋ አላጠብሁትም ነበር። ሥሩን አየሁ። የራሳቸው ስኳር አይደለማ፣ ሦስት አራት ማንኪያ ጨምረው ሳያማስሉ ነው የሚጠጡት፣ ሥሩ ላይ እንደ ወለላ ተኝቷል።

በጣቴ ፋቅሁት እማ። አንዱን ካንዱ እየገለበጥሁ ባንድ ብርጭቆ ሰበሰብሁት፣ የከንፈራቸው ምልክት ያለበት፣ የሻይ ቅጠል ያለበት፣ ዝንብ የሞተበት። ዝንቡን አወጣሁ። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ የሲጃራ ቁራጭ ተነክሯል፣ ያንን ተውሁት፣ ከዚያ አየሁት፣ ብዙ ስኳር ያለበት እሱ ነው፣ ቁራጩን በጥፍሬ አውጥቼ እሱንም ጨመርሁት። ብርጭቆውን ይዤ ሮጥሁ። ገፈተርኋቸው፣ እኔ እንጃ ማንን እንደገፈተርሁ፣ ዲሬክተሩንም ይሆናል። ጣቴን ነክሬ ጉንጯ ውስጥ፣ ድዷ ላይ ቀባሁላት። መጀመሪያ ነከሰችኝ፣ ይሄውና ምልክቱ። ደግሜ ቀባሁ። ደግሜ። ጓድ ሣህሉ ትራፊያችንን እኮ ነው የምታበላት፣ እንዴት ያለሽ ቆሻሻ ነሽ አለና መሐረቡን አወጣ። እኔ ቀና ብዬ አየሁት፣ ጢሙ ላይ ስኳር አለ። የሷ ስኳር።

ትንሽ ቆይታ መምጠጥ ጀመረች፣ እንደ ጥጃ። ላቧ ቆመ። ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ፣ እትዬ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል አለች። ለወሬ የተፈጠረች ናት አላልሁሽም? አንድም ሰው አልሣቀም። መምህርት ወለተ ጊዮርጊስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ዳነች ብዬ እዚህ ላይ ብጨርስልሽ ጥሩ ነበር። ዓርብ ጠዋት ዲሬክተሩ ቢሮ ጠራኝ፣ ጓድ ሣህሉም አለ። ወረቀት ተጽፎ ተቀምጧል፣ ባጠገቡ የጣት ቀለም። እኔ ደመወዜን የምወስደው በጣት ነው፣ ስቀጠር ፊደል አልቆጠርሁም ነበርና እንደዚያው ቀረ፣ እንደማነብ አያውቁም። አሻራሽን እዚህ አድርጊ አለኝ፣ ምንድን ነው አልሁት፣ ስለ ትላንቱ ነው፣ ለልጅቱ ደኅንነት ነው አለኝ። የት ላይ ነው የማደርገው እያልሁ ጎንበስ ብዬ ፊደል ፊደሉን ለቀምሁት። ነጋዴው ኑርሑሴን ደብቆ ያከማቸውን ስኳር በልጁ እያስያዘ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲያስገባ አይቻለሁ ይላል። ልጅቱም ይህንኑ ስኳር በልታ በመውደቋ፣ ለሌሎች ተማሪዎች ሲባል ከትምህርት ገበታ ትሰናበት ይላል። እኔ ነኝ ያየሁ የምለው። እኔ ነኝ።

ጠጥተው ጠጥተው ሲያበቁ ብርጭቆውን ልጅቱ ላይ ሊሰብሩት ነው። ስኳር ደበቀ የተባለ ነጋዴ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ ይወስዱታል፣ እሱ ከተወሰደ ያን መርፌ ማን ይወጋታል፣ የመሪየም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሞክራ አልሆነላትም። ዲሬክተሩ ካደረግሽ ትራፊ ማብላትሽ ይታለፍልሻል፣ ካላደረግሽ ሰኞ አራት ሰዓት በመምህራኑና በቀበሌው ተወካይ ፊት ትቆሚያለሽ፣ በነጋዴ የተገዛ ጠራጊ ምን እንደሚባል ያን ጊዜ ትሰሚያለሽ አለኝ። ጓድ ሣህሉ ፈገግ ብሎ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። ጥፍሩ ይብለጨለጫል። እጄ ቆሻሻ ነው፣ ልታጠብ ብዬ ወጣሁ። አልተመለስሁም።

ቅዳሜ እነሱ ቤት ሄድሁና ሁሉን ነገርኋቸው። ኑርሑሴን የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን በጣቱ እየጠቀለለ ሰማኝ። ከዚያ እህቴ፣ አንቺም እናት አለሽ፣ አስፈሪ ከሆነብሽ አድርጊላቸው፣ እኛ አላህ ያውቃል፣ አንቀየምሽም አለኝ። ሊያስለቅሰኝ ነው ወይስ ሊያናድደኝ፣ አላውቅም። ጀሊላ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ የሰባት ማባዣ። ቀና ሳትል፣ እትዬ፣ ሰኞ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አይደል አለችኝ። አዎ አልኋት። ምን ልበላት?

አሁን እሑድ ነው፣ ሐይቁ ዳር ልብስ የሚያጥቡበት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ፈርቻለሁ። ግን አሻራዬን አልሰጥም። ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ፣ የጠጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔም ጠጥቻለሁ፣ ስኳሩ የልጅቱ መድኃኒት ነበር እላለሁ። እንዲህ ነው የምለው፣ ካልተንቀጠቀጥሁ። ብንቀጠቀጥም እላለሁ።

ለምን እንደሆነ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። እኔ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አውቃለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ አለበል በተቀበረ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር አቁመውኝ፣ ሸክላ ሠሪዋ ሸዋዬ ወንድምሽን ሲበላ ትኩር ብላ ስታየው አይተሻል ወይ አሉኝ። አንቺ ከኋላቸው ቆመሽ በዓይንሽ ትለምኚኝ ነበር። አዎ አየኋት አልሁ። አላየኋትም ነበር እማ። ያን ቀን እማማ ሸዋዬ ሸክላዋን እየጠፈጠፈች ነበር፣ ቀናም አላለች። ይሄው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤቷ እሳት የሚጭር የለም፣ በደጇ ስናልፍ ልጅ እንሸፍናለን፣ ባሏም ጥሏት ሄደ።

አንቺ አለበልን እንዴት እንደወደድሽው አውቃለሁ። እንቅልፍ አጥተሽ ያደረሽበትን፣ ሌሊት ውኃ ውኃ ሲል ውኃውን ከሱ ላይ ያነሣሽበትንም፣ የውኃ ቅሉን እኔ እንድደብቅ የሰጠሽኝንም፣ ለሱ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ለሱ ብዬ ነው የደበቅሁት። ከዚህ በላይ በወረቀት አልልሽም። መሪየም ስለ ጀሊላ የነገረችኝን ሰገነት እንደገና ታንብብልሽ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ብቻሽን ትተውሽ።

እና አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ እዚህ ስቆም፣ አንቺ ነጠላሽን አጣፊና ወደ እማማ ሸዋዬ ቤት ሂጂ። ገብረ መስቀል ዛሬውኑ ስለሚመለስ ይደርስልሻል። ብዙ አትናገሪ። ግቢና ውኃ አጠጪኝ በያት። በራሷ ዋንጫ ስትሰጥሽ፣ ሰው እያየ፣ እስከ ሥሩ ጠጪው። ልጄ ያን ቀን ምንም አላየችም፣ ዋሽታ ነው፣ እኔ ነኝ ያስዋሸኋት በያት። ብትሰድብሽ ተሰደቢ፣ በሩን ብትዘጋብሽ ደጇ ላይ ቁጭ በይ።

ነገ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፣ ከሥራ ቢያባርሩኝ ወደ አንቺ እመጣለሁ፣ ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ ገብረ መስቀል ሰምቶ ይነግርሻል፣ ያን ጊዜ አታልቅሺ። ጉልበትሽን መድኃኔ ዓለም ያበርታልሽ፣ የላሚቱን ጥጃ ጊደር ያርግልሽ፣ ሰገነትንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃት። የተቀበረውንም እሱ በቀኙ ያኑርልን፣ ጥፋታችንን አይቁጠርብን።

የምትወድሽ የምትፈራልሽ
ልጅሽ